እንቅልፍ የነሳዎት ምንድን ነው?
የእርጉዞችና የአራሶች ጥያቄዎች፣ ከጎጃም አንባቢዎቻችን

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከምሥራቅ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ጎጃም፣ ከአዊና ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። የሁሉም ጉዳይ እንቅልፍ ነው። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» የሚለውን መልስ አብዛኞቹ ጠያቂዎች ከጎረቤትም ከባለሙያም ጠግበው ሰምተዋል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ነገር ግን ቃር፣ የደም ማነስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የደም ግፊት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት እያንዳንዳቸው ሕክምና ያላቸው ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ስለ እንቅልፍ ክኒን ከማውራታችን በፊት እንቅልፍ የነሳውን ነገር እንፈልጋለን። የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ *ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህርት ነኝ። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። «በግራ ጎንሽ ብቻ ተኚ» ተብያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ጎን ስተኛ ዳሌዬ ይደነዝዛል። አንዳንዴ ስነቃ ደግሞ በጀርባዬ ተንጋልዬ ራሴን አገኘዋለሁ፤ ልጄን የጎዳሁት እየመሰለኝ ዳግመኛ አልተኛም።*

መልስ፦ ዋናው ነገር እንቅልፍ የሚጀምሩበት አኳኋን ነው። ከ28ኛው ሳምንት፣ ማለትም ከሰባተኛው ወር ገደማ ጀምሮ፣ ማህፀኑ ከነልጁና ከነሽርት ውሃው ይከብዳል። በጀርባ ሲንጋለሉ ክብደቱ ከታችኛው አካል ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር አከርካሪው ላይ ያጣብቀዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውም ያንሳል። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባቸው ሆነው እንቅልፍ በሚጀምሩ እናቶች ላይ ልጅ በሆድ ውስጥ የመሞቱ አደጋ ከፍ እንደሚል በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ሲጋደሙ፣ ለሽንት ተነስተው ሲመለሱ፣ ቀን ሸለብ ሲያደርጉም በጎን ይጀምሩ። ግራ ወይስ ቀኝ በሚለው አይጨነቁ፤ በቀኝ ጎን መተኛት ልጁን አይጎዳም። ዳሌዎ ሲደነዝዝ ይገልበጡ። በጀርባዎ ሆነው ቢነቁም የተበላሸ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የሚያነቃዎት ራሱ ሰውነትዎ ነው፤ ዞር ብለው ይተኙ።

የዳሌው ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከላይ ያለው እግር ወደ ፊት ወድቆ ወገብን ስለሚያጣምም ነው። በጉልበትና በጉልበት መካከል ብቻ ትራስ ማድረግ አይበቃም፤ ትራሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ። አንድ ጋቢ በቁመቱ አራት እጥፍ አድርጎ ከጉልበት እስከ እግር ማስገባት ከገበያው ትራስ የተሻለ ይሠራል፣ አይንሸራተትምና። ሁለተኛ ጋቢ ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው ከትከሻዎ እስከ መቀመጫዎ በጀርባዎ በኩል ያስደግፉ፤ በእንቅልፍ ልብዎ ወደ ኋላ ሊንጋለሉ ሲሉ ይይዝዎታል። ከሆድ ሥር ደግሞ የታጠፈ ነጠላ ያህል ስስ ነገር ይበቃል፤ ወፍራም ከሆነ ሆድን ወደ ላይ ገፍቶ ወገብ ያሳምማል። የሚተኙበት ጠፍር አልጋ መሐሉ የረገበ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት ጠፍሩን ያስጠብቁ።

ሲገላበጡ ሁለቱን ጉልበቶች አጣብቀው አንድ ላይ ያዙሩ። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ በጎን ይሁኑ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ ከዚያ በክንድዎ ገፍተው ይቀመጡ። ከጀርባ ቀጥ ብሎ መነሳት የሆድ ጡንቻንም የዳሌ መገጣጠሚያንም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ *ከቢቸና ነው። የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። ማታ ጋደም እንዳልኩ እግሮቼ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል፤ ካላንቀሳቀስኳቸው አልችልም። ተነስቼ ቤት ውስጥ ስዞር ይተወኛል፣ ስተኛ ይመለሳል። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ እንዲህ ነኝ። ደም አነሰሽ ተብዬ ክኒን ተሰጥቶኛል፤ ከቁርስ በኋላ ከቡና ጋር እወስደዋለሁ።*

መልስ፦ የነገሩን ቁልፍ ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጽፈውታል። ማታ ማታ እግርን «አንቀሳቅሽኝ» የሚያሰኘው፣ ሲራመዱ የሚተወውና ሲያርፉ የሚመለሰው ስሜት ራሱን የቻለ ሕመም ነው። በእርጉዞች ላይ በጣም የተለመደ ሲሆን ከምክንያቶቹ ዋነኛው የብረት ማዕድን እጥረት ነው። እርስዎ ደግሞ ብረቱን የሚወስዱት ብረት እንዳይገባ ከሚያደርገው መጠጥ ጋር ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን አንጀት ውስጥ አስረው ይይዙትና ከሰገራ ጋር ይወጣል።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። ቡና ወይም ሻይ ከጠጡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩና ይዋጡት፤ ከዋጡት በኋላም ሁለት ሰዓት ቡና አይጠጡ። በውሃ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ከሆነ የበለጠ፣ ይውሰዱት። ካቅለሸለሸዎት ማታ ከእራት ጋር ያድርጉት እንጂ አይተዉት። ሰገራ ይጠቁራል፤ አያስደንግጥዎ። ድርቀት ካመጣ ውሃ፣ ጎመንና የተነከረ ተልባ ያግዛሉ። የቃር መድኃኒትና የካልሲየም ክኒን ከብረቱ ጋር አብረው አይዋጡ፤ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር።

ስለ ደም ማነስ አንድ ነገር እንጨምር። ለእርጉዝ ሄሞግሎቢን (በደም ምርመራ የሚለካው የቀይ ደም ንጥረ ነገር) ከ11 በታች ሲሆን ደም ማነስ ነው ይባላል፤ ይህ መለኪያ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የወጣ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰው ደም በተፈጥሮው ወፈር ይላል፣ መለኪያውም አብሮ ከፍ ይላል። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ 11.5 የወጣላት እርጉዝ «ደህና ነሽ» ተብላ መመለስ የለባትም። ደሙ ደህና ሆኖ የብረት ክምችት ብቻ ዝቅ ሊል እንደሚችልም አይዘንጋ፤ ፌሪቲን የሚባለውን ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ካገኙ ቁርጡን ይነግርዎታል።

ብረቱ እስኪሞላ ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያው ከመኝታ በፊት እግርዎን በሞቀ ውሃ ይታጠቡ፣ ባትዎን ከታች ወደ ላይ ያሹት፣ አመሻሽ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይራመዱ። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድና እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋን መድኃኒቶች ይህንን ሕመም ያባብሱታል፤ እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ቡናውን ካነሳን ደግሞ፦ ጤነኛ ሰው የጠጣው ካፌይን በአምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በእርግዝና መጨረሻ ግን ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበት ፍጥነት በጣም ስለሚወርድ ይኸው ነገር እስከ 15 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ተጠርተው የጠጡት አቦል ግማሹ ሲነጋጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይም ደምዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቡና ጨርሰሽ ተዪ አንልም። ጎጃም ውስጥ ከቡና መቅረት ከሰው መቅረት ነው። የጠዋቱን አንድ ሁለት ሲኒ ይጠጡ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ያለው ቡና ላይ ግን ይቀመጡ እንጂ አይጠጡ፣ ወይም በረካው ቀጥኖ ይቀዳልዎት። በአንድ ጊዜ ካቋረጡ ራስ ምታት ስለሚይዝ በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሱ። ሲኒው ላይ ጣል የሚደረገው ጤና አዳም ግን በእርግዝና ወቅት ይቅርብዎ፤ በብዛት ሲሆን ማህፀን ያኮማትራል።

ጥያቄ፦ *እንጅባራ። ሌሊት ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኝና ጮኬ እነሳለሁ።*

መልስ፦ ይህ ከላይ ካለው የተለየ ነው፤ የጡንቻ መኮማተር ነው። በያዘዎት ቅጽበት ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው የእግር ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ። ሆድዎ ካላስደረሰዎት ባለቤትዎ ውስጥ እግርዎን ወደ ላይ ይግፋ። ጣቶችን ወደ ታች መዘርጋት ያባብሰዋል። ከመኝታ በፊት ግድግዳ ተደግፈው አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይወጥሩ። እንጀራ ሲጋግሩ የቆሙበት ቀን ማታ ይብሳልና ምጣዱ አጠገብ በርጩማ ይኑር። አንደኛው ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀን ጭምር የሚያም ከሆነ ግን አያሹት። ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ይታዩ።

ጥያቄ፦ *ፍኖተ ሰላም ነዋሪ ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬ ነው። ጋደም ስል ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። በጾም ወራት ማታ አንዴ ነው የምበላው። ሶዳ በውሃ በጥብጬ ስጠጣ ለጊዜው ይለቀኛል።*

መልስ፦ በእርግዝና የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በጉሮሮ ቱቦና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ያላላዋል፤ ማህፀኑ ደግሞ ከታች ይገፋል። በዚህ ላይ ቀኑን ባዶ የዋለ ሆድ ማታ በሽሮና በአዋዜ ሲሞላና ወዲያው ሲጋደሙ አሲዱ መውጫ መንገዱ ክፍት ነው። የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ ሦስት ሰዓት ቢቀድም፣ ማታው ቀለል ብሎ ቅንጬ ወይም ድንች በአልጫ ቢሆን ብዙ ይለወጣል። ስለ ጾሙ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። እርጉዝና አራስ እንዴት እንደምትጾም የሚፈቅዱትና የሚያቃልሉት እሳቸው ናቸው፤ ብዙ እናቶች ሳይጠይቁ ራሳቸውን ያስርባሉ።

ከራስ ሥር ትራስ መደራረብ አንገትን ብቻ ስለሚያጥፍ ሆድን ይጨቁናል። የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጡብ ወይም በጠርብ እንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጓቸው። መደብ ላይ የሚተኙ ከሆነ ከፍራሹ ሥር ከወገብ ጀምሮ እየወፈረ የሚሄድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ያስገቡ። በግራ ጎን መተኛት ለቃርም ይሻላል።

ሶዳውን ይተዉት። ሶዲየም ስለሚበዛበት ውሃ ይይዛል፣ ለግፊትም ጥሩ አይደለም። ከፋርማሲ የሚገኘው የሚታኘክ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም የአሉሚኒየምና የማግኒዥየም ፈሳሽ ለእርጉዝ ይሆናል፤ ከምግብ በኋላና ሲተኙ ይወሰዳል። በዚህ ካልተመለሰ ሐኪም የሚያዛቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ሕመሙ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሆኖ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከታከለበት ቃር ነው ብለው አይቀመጡ፤ ግፊትዎ ዛሬውኑ ይለካ።

ጥያቄ፦ *ከይልማና ዴንሳ ገጠር። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እወጣለሁ። ውጭው ጨለማና ብርድ ነው፤ ስመለስ እንቅልፌ ጠፍቷል።*

መልስ፦ ክዳን ያለው ፖፖ ወይም ባልዲ ከአልጋው አጠገብ ያድርጉ። ሌሊት በጭቃ ተንሸራትቶ ከመውደቅ ይህ ይሻላል፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ውሃውን ቀን በደንብ ጠጥተው ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ይቀንሱ፤ ጨርሶ ማቆም ግን አይገባም። አመሻሹ ላይ ለአንድ ሰዓት እግርዎን ከፍ አድርገው በጎንዎ ጋደም ይበሉ። ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ያኔ ይወርዳልና ሌሊት አያስነሳዎትም። ሽንቱ የሚያቃጥል፣ የሚሸት ወይም ከትኩሳት ጋር ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ያልታከመ የሽንት ኢንፌክሽን ያለጊዜው ምጥ ያመጣል።

ጥያቄ፦ *ዳንግላ። ከመድኃኒት ቤት ዲያዜፓም ገዝቼ ግማሽ ግማሽ እወስዳለሁ። አምስት ወሬ ነው።*

መልስ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተጀመረ ከሆነ ከሐኪም ጋር ሆነው ያቁሙት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲወስዱት ከነበረ በድንገት መጣልም አደጋ አለው፤ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። መድኃኒቱ ወደ ልጁ ይሻገራል። እስከ ወሊድ ከተወሰደ ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሎ፣ መጥባትና መተንፈስ አቅቶት ሊወለድ ይችላል። በጡት ወተትም ያልፋል፣ ከሕፃኑ ሰውነትም ቶሎ አይወጣም። አረቄም ጫትም ለዚህ ጉዳይ ምትክ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ *ባለቤቴ እርጉዝ ናት። ድሮ አታንኮራፋም ነበር፤ አሁን ታንኮራፋለች፣ አንዳንዴም ትንፋሿ ቆም ይላል። ጠዋት ራሷን ያማታል። (ቡሬ)*

መልስ፦ አፍንጫ በእርግዝና ስለሚያብጥ ማንኮራፋት ብቻውን የተለመደ ነው። የትንፋሽ መቆምና የጠዋት ራስ ምታት ሲታከሉበት ግን የደም ግፊቷ በዚህ ሳምንት ይለካ። ከ140 በ90 ጀምሮ ያለ ውጤት ክትትል ይፈልጋል። ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ዓይኗ ከፈዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። እዚህ ላይ የእጅና የእግር መዳፍ ሌሊት ሌሊት ያለ ሽፍታ አጥብቆ የሚያሳክካቸው ካሉም ለአዋላጇ ይንገሩ፤ የጉበት ችግር ሊሆን ስለሚችል በደም ይመረመራል። ከቡሬ ወደ ቆላው ወርዳችሁ የምትኖሩ ደግሞ በመድኃኒት የተነከረው አጎበር የማን ነው ሳይባል መጀመሪያ ለእርጉዟ ይዘርጋ።

ጥያቄ፦ *ከአዴት የምጽፍ እናት ነኝ። ልጄ የመጀመሪያዋን ወልዳ እኔ ዘንድ ተኝታለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ጠያቂ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፤ እሷ ግን ዓይኗ ገብቷል። ሌሊት እንዳይበርዳቸው የከሰል ምድጃ አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ።*

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ ከሰሉን ያውጡልን። ከሰል ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ደህና የሆነ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜም ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኙትን ሳይነቁ ይገድላል። ዕጣን ማጨስ አያረክሰውም። ቤቱን ማሞቅ ከፈለጉ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ በርና መስኮት ገርበብ ብሎ ያሙቁና ከመተኛታቸው በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ከቤት ያስወጡ። አልጋውን ደግሞ የፈላ ውሃ በጀሪካን ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ያሙቁት፤ እናትና ልጅ ሲገቡ ይወጣል። ለሕፃኑ እናቱ ከለበሰችው አንድ ድርብ ይጨመርለት። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳሰው ይወቁ፤ ያላበው ከሆነ በዝቶበታል። የእጁ መቀዝቀዝ ብቻ አያስደነግጥም።

ጠያቂን መመለስ አይቻልም፣ ነውርም ነው። ሰዓት መስጠት ግን ይቻላል። አራስ ጥያቄ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 10 እስከ 12 ይሁን ብለው በጎረቤት በኩል ያስወሩ። በመካከል ያለው ሰዓት የልጅዎ ነው። ቡናው በሌላው ክፍል ወይም በረንዳው ላይ ይፈላ። ጠያቂ ሕፃኑን ካላየ ቅር ስለሚለው ወጣ አድርጎ የሚያሳይ ሰው ይኑር፤ እናቲቱን ግን አያስነሷት። እጅ የሚያስታጥብ ውሃ በር ላይ ይቀመጥ፣ ጉንፋን የያዘውም ከርቀት ይመርቅ። ይህንን ማለት ለአራሷ ስለሚከብዳት የእናት ሥራ ነው። እርስዎ ካልተናገሩ ማንም አይናገርም።

ሕፃኑ በቀንና በሌሊት 8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ስለዚህ ልጅዎ የምትተኛው በሁለት ጡት መካከል ባለችው ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ያቺን ሰዓት ጠያቂ ከወሰዳት ሌላ የለም። አጥሚቱን በፔርሙዝ አድርገው አጠገቧ ያስቀምጡላትና ስትነቃ ትጠጣ። ለመብላት ብለው አይቀስቅሷት። ጠላ ወተት ያወርዳል የሚሉ አሉ፤ አልኮል የወተቱን መፍሰስ ይቀንሳል፣ እንቅልፍንም ይቆራርጣል። ለሕፃኑም ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውሃ፣ የስኳር ውሃ ይቅር። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በውሃ ሲሞላ ጡት አይስብም፣ ጡት ካልሳበ ወተት ይቀንሳል፤ ያኔ ሌሊቱ የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ *ባሕር ዳር የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። ሚስቴ ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ሌሊት የምትነሳው እሷ ብቻ ናት፤ ጡት የለኝ፣ ምን ላግዝ እችላለሁ?*

መልስ፦ ሌሊት ሥራው ማጥባት ብቻ አይደለም። አንዱ ማጥባት ሃያ ደቂቃ ከፈጀ ጨርቅ መቀየሩ፣ ማስገሳቱ፣ እሹሩሩ ማለቱ፣ መልሶ ማስተኛቱ ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። የእርስዎ ድርሻ ይሄ ግማሽ ሰዓት ነው።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስድስት የሽንት ጨርቅ፣ ፎጣ፣ ለብ ያለ ውሃ በፔርሙዝ፣ ለእሷ የምትጠጣው ነገር አንድ ቦታ ይደርደር። በጨለማ ፍለጋ ሁሉንም ሰው ያነቃል። መብራቱ ደብዛዛ ይሁን፤ የስልክ ባትሪ ከሆነ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙሩት። ሕፃኑ ሲነቃ መጀመሪያ የሚነሱት እርስዎ ነዎት። ጨርቁን ይቀይሩ፤ አፉን እየከፈተ ራሱን ወዲያ ወዲህ ካዞረና እጁን ከላሰ ርቦታል፣ ይስጧት። በእንቅልፉ ውስጥ አጉረምርሞ ዝም ካለ ግን አያንሱት፤ ሕፃናት ተኝተውም ይንፈራገጣሉ፣ ድምፅም ያሰማሉ። ብዙ አባት የተኛ ልጅ ቀስቅሶ ያመጣል።

እሷ በጎኗ ተኝታ ታጥባው። ሕፃኑ ሆዱ ከሆዷ ጋር፣ አፍንጫው ከጡቷ ጫፍ ትይዩ ሆኖ በጎኑ ይሁን። ከኋላዋ ትራስ ይደግፋት። እርስዎ ነቅተው አጠገቧ ይቆዩ። ሲጨርስ ወስደው ትከሻዎ ላይ አድርገው ጀርባውን በመዳፍዎ እያሻሹ ያስገሱት። ካልገሳም አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በጀርባው ያስተኙት።

አሁን ሰዓቱን ይከፋፈሉ። እሷ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አጥብታ ወዲያው ትተኛ፤ እራቱንም ዕቃውንም ሌላ ሰው ይያዘው። እርስዎ እስኪርበው ድረስ ሕፃኑን ይዘው በሌላ ክፍል ይቆዩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ደግሞ እርስዎ ይተኙ፤ ሥራ አለብዎት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ካጠባች በኋላ እናትዋ ወይም እህትዋ ሕፃኑን ተቀብላ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ታቆይላት። ተያይዞ የሚመጣ የሦስት አራት ሰዓት እንቅልፍ ከተቆራረጠ ስምንት ሰዓት ይልቅ ራስ ያስተካክላል። ሕፃኑ የተወለደበትን ክብደት እስኪመልስ፣ ያም እስከ ሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ነው፣ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ሳይጠባ መቆየት የለበትም። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ጡት መያዙ ከተስተካከለ ደግሞ ወተቷን በንጹሕ ኩባያ በእጇ አልባ ታስቀምጥ። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ተሸፍኖ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ጫፍ ቀስ እያሉ ይሰጡታል።

ሌሊትና ቀን የተምታታበት ሕፃን ታመመ ማለት አይደለም፤ ጊዜውን መለየት የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ወር ነው። ቀን መስኮት ተከፍቶ፣ ጫጫታው ሳይቀነስ ይተኛ። ሌሊት ወሬ፣ ጨዋታና መብራት አይኑር።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የተፈቀደው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ መሆኑን እናውቃለን። የዓመት ፈቃድ ካለዎት የወሊዱ ሰሞን ዘመድ ሞልቶ ሳለ አያባክኑት። ዘመድ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት፣ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ *መርጦ ለማርያም። ልጄን አቅፌ ነው የምተኛው። ይታፈናል ብለው አስፈራሩኝ። ሁለተኛ አልጋ የለንም።*

መልስ፦ የሚመረጠው ሕፃኑ በእናቱ ክፍል ውስጥ፣ በራሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ መኝታ፣ በጀርባው መተኛቱ ነው። ሰፊ ካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን ታችኛው ላይ በደንብ የተወጠረ አንሶላ ተደርጎ ይሆናል። በሆድ ማስተኛት ይቅር፤ በጎን የተኛም ወደ ሆዱ ይገለበጣል።

ነገር ግን አንድ አልጋ ባለበት ቤት «አቅፈሽ አትተኚ» ብቻ ብሎ መሄድ ጉዳት አለው። እናቲቱ ፈርታ ወንበር ወይም ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ታጠባና እዚያው ይወስዳታል፤ ይህ ከአልጋው የከፋ ነው። አብራችሁ ከተኛችሁ ሕፃኑ በእርስዎና በግድግዳው መካከል ሳይሆን በነፃው በኩል፣ የማይወድቅበት ቦታ፣ በጀርባው ይሁን። ትራስ ከአጠገቡ ይራቅ። ጋቢው ከእርስዎ ወገብ በላይ አይውጣ፤ እርስዎ ከላይ ሹራብ ይልበሱ፣ እሱ የራሱ ልብስ ይኑረው። ትልቁ ልጅ ከእሱ ጋር በአንድ በኩል አይተኛ። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ጠላ፣ አረቄ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰዳችሁ ቀን፣ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ፣ ወይም ሕፃኑ ያለጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ከተወለደ በፍጹም አንድ ላይ አትተኙ።

ጥያቄ፦ *ሞጣ ነው ያለሁት። ከወለድኩ አምስት ሳምንቴ ነው። ልጄ ይተኛል፣ እኔ ግን ዓይኔ ፈጦ ያድራል። ልቤ ይመታል፣ ትንፋሹን ደጋግሜ አዳምጣለሁ። ቀን አለቅሳለሁ። እናቴ ፀበል እንሂድ ትላለች።*

መልስ፦ ልጅ እያስነሳት ያልተኛች እናትና ልጅ ተኝቶላት መተኛት ያቃታት እናት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያዋ እርዳታ ያንሳታል። ሁለተኛዋ መታከም አለባት። ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ገደማ የሚጀምረው ሆድ መባስና ማልቀስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። የእርስዎ ከዚያ አልፏል። ምናልባት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርትና የጭንቀት ሕመም ነው፤ የባሕርይ ድክመት ወይም ልጅን አለመውደድ አይደለም። ሐኪሙ ሁለት ነገር በደም እንዲያይልዎ ይጠይቁ፦ በወሊድ ጊዜ ደም ከፈሰሰዎት የደም መጠንዎን፣ እንዲሁም የእንቅርት ዕጢ ሥራን። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይህ ዕጢ ሲቆጣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀትም ይመስላል።

ሕክምናው ምክክር፣ ካስፈለገም መድኃኒት ነው። እንደ ሰርትራሊን ያሉት እያጠቡ የሚወሰዱ ናቸው፤ ጡት ማስጣል አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ደግሞ ለተወሰኑ ሌሊቶች ሕፃኑን የሚጠብቅ ሰው በስም ይታወቅ። «እኔ ነቅቻለሁ» የሚል ሰው ሲኖር ትንፋሽ ማዳመጡ ይረግባል። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጋድመው ካልመጣ ይነሱ፣ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቁጭ ይበሉ፣ ሲያንቀላፋዎት ይመለሱ። ሰዓት አይቁጠሩ፣ ስልክ አይክፈቱ።

ፀበሉን ተዉ አንልም። ሕክምናውን ግን አይተካም፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አራስ ሆነው በባዶ ሆድና በብርድ ውሃ መቆየቱ፣ የጀመሩትን መድኃኒት ማቋረጡ ግን አይሁን።

እናትዎ ይህንን ያንብቡልን፦ አራሷ ለቀናት ሳትተኛ ድካም የማይሰማት ከሆነ፣ ንግግሯ ከፈጠነና ከተዘበራረቀ፣ ሌላው የማይሰማውን ከሰማች፣ ሰውን መጠራጠር ከጀመረች፣ ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ከተናገረች ቀን አይቆጠርም። ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር አትተዋት፣ በዚያው ዕለት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዷት። በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚመጣ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ሲታከም ይድናል።

ጥያቄ፦ *በኦፕራሲዮን ወልጄ ከሆስፒታል ወጣሁ። ቁስሉ ስለሚያመኝ መገልበጥም መተኛትም አልቻልኩም። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። (ደጀን)*

መልስ፦ ሕመሙ ሳይታገሥ እንቅልፍ አይመጣም፤ የታዘዘልዎትን ማስታገሻ «ሲያመኝ» ሳይሆን በሰዓቱ ይውሰዱ። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌንም ሐኪም ካልከለከለዎት እያጠቡ ይወሰዳል። ሲገላበጡና ሲያስሉ የታጠፈ ፎጣ ቁስሉ ላይ ይዘው ጫን ያድርጉ። ለመነሳት ጉልበትዎን አጥፈው በጎን ይዙሩ፣ ከዚያ በክንድዎ ይገፉ። ሲያጠቡ ሕፃኑ በሆድዎ ላይ እንዳይተኛ በብብትዎ ሥር በጎንዎ በኩል ያድርጉት፤ እግሩ ወደ ኋላዎ ይሁን፣ ከሥሩም ትራስ ይግባ።

የሌሊት ላቡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፤ በእርግዝና የተጠራቀመው ውሃ የሚወጣበት አንዱ መንገድ ነው። ፎጣ ዘርግተው ይተኙ፣ መቀየሪያ ልብስ አጠገብዎ ይኑር፣ ውሃ ይጠጡ። ላቡ ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከሆነ፣ ትኩሳትዎ 38 ከደረሰ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም የሚፈስዎት ነገር መሽተት ከጀመረ ግን የወሊድ ወረቀትዎን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ይመለሱ፤ ለስድስተኛው ሳምንት የተያዘውን ቀጠሮ አይጠብቁ።